ስንት ወንዝ ተሻገርሽ? በሳይክል ከጅማ እስከ ሚዛን

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሳይክል ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። «ጽፈሽ ለጥፊው» ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ቅጂውን እየሰማሁ ገለበጥኩት። ሳሌንና «እእእ» ማለቴን ብቻ አውጥቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩ ይጮሃል መሰለኝ፣ ትንሽ ላርቀው። አሁንስ? እሺ።

መጀመሪያ ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በሳይክል የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጎበዞች! በታክሲ የመጣችሁስ? አትፈሩ፣ እኔም ዛሬ በታክሲ ነው የመጣሁት። ጠዋት ስነሳ የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ ጠበቀኝ። ሳቁ፣ ሳቁ። ስለ ሳይክል ጉዞ ልታወራ የተጠራች ሴትዮ በሚኒባስ፣ ያውም ጋቢና ተቀምጣ!

ለማታውቁኝ፣ አስተማሪ ነኝ። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ካርታ ላይ ከፍታን የሚያሳዩትን ቡናማ መስመሮች፣ ኮንቱር የምንላቸውን፣ እንደ ጠላት ነው የሚያዩዋቸው። አልፈርድባቸውም። እኔም ኮንቱር ምን እንደሆነ የገባኝ በጭኔ ነው። ዲግሪዬን ይዤ፣ አስር ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። የገባኝ ከጎጀብ ወንዝ ሽቅብ ሳይክሌን እየገፋሁ ስወጣ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ተራራ በበዛበት አገር የሳይክል መንገድ እንዴት ይመረጣል? ሁለተኛ፣ መንገዱ ራሱ፣ ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን። ሦስተኛ፣ ሳይክሉና ጓዙ። ከመስመር ከወጣሁ መልሱኝ። እወጣለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

እሺ፣ አንደኛ።

የተወለድኩት ጅማ ነው። አባቴ ጥቁር ፊኒክስ ሳይክል ነበረው፣ ዲናሞ ያለው፣ በሄደ ቁጥር መብራቱ የሚበራ፣ ሲቆም የሚጠፋ። እኔ ፊት ለፊት ብረቱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ። ጅማ ከተማው አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ሳይክል ይወዳል። ስለዚህ ልጅ ሆኜ ሳይክል ማለት ሜዳ ማለት ይመስለኝ ነበር። ችግሬም የጀመረው እዚያ ነው።

አድጌ፣ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ጥሩ የተባለ ማርሽ ያለው ሳይክል ገዝቼ፣ የመጀመሪያ ጉዞዬን ከጅማ ቦንጋ አሰብኩ። ርቀቱ መቶ ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሒሳቡን ሠራሁ። በሰዓት 15 ኪሎሜትር እሄዳለሁ። መቶን ለ15። ሰባት ሰዓት የማይሞላ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቼ፣ መንገድ ላይ ምሳዬን በልቼ፣ አስር ሰዓት ላይ ቦንጋ ገብቼ ሻወር እወስዳለሁ። አያችሁ ሒሳብ? ወረቀት ላይ እንዴት ደስ ይላል!

ጎጀብ ድልድይ ላይ ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ስበር ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ነፋሱ፣ ጫካው፣ ደስ ማለቱ። ታች ስደርስ ግን ሙቀቱ ልክ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎጀብ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። የወረድኩትን ሁሉ ደግሞ ልወጣው ነው። ቀና ብዬ ሳይ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ላይ አንድ አይሱዙ እንደ ጉንዳን ይታየኛል። ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማኛል። አይሱዙ ያቃሰተበትን እኔ ምን ልሆን ነው?

ገፋሁ። ነዳሁ ሳይሆን ገፋሁ። ሲመሽ ግማሹን እንኳን አልወጣሁም። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው በራፍ ተቀምጠው ያዩኛል። ሰላም አልኳቸው። ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ምን ብለው ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? «ከየት መጣሽ?» አሉኝ፣ «ከጅማ» አልኩ። «ስንት ወንዝ ተሻገርሽ?»

ስንት ኪሎሜትር አላሉም። ስንት ሰዓት አላሉም። ስንት ወንዝ!

«አንድ፣ ጎጀብን» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ ትንንሾቹን ሁሉ፣ እኔ ድልድያቸውን እንኳን ልብ ሳልል ያለፍኳቸውን። ለካ እያንዳንዷ ወንዝ አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ናት። ጠዋት «ዛሬ እግሬ ምን ነካው» እያልኩ የነበረው ለካ ወንዝ እየቆጠርኩ ነበር፣ ሳላውቀው። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ደግሞ እስከ ቦንጋ የቀሩትን ቆጠሩልኝና «ልጄ፣ ዛሬ እዚሁ እደሪ» አሉኝ። አደርኩ። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፣ ቀጥሎ ቡና መጣ፣ ጨው ያለበት። የደከመ ሰው ቡና በጨው ጠጥቶ ያውቃል? ካልጠጣችሁ አልነግራችሁም፣ ሄዳችሁ ጠጡት።

ይሄን ነገር ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ ኪሎሜትር አትቁጠሩ። ወንዝ ቁጠሩ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ኪሎሜትሩን ፊት ለፊት በትልቁ ይጽፍላችኋል፣ ዳገቱን ግን ካልፈለጋችሁት አይነግራችሁም። እናንተ ሰማያዊ መስመሮቹን ፈልጉ። መንገዱ ሰማያዊ መስመር በቆረጠ ቁጥር ጣታችሁን እጠፉ። ትልቅ ወንዝ ከሆነ ሁለት ጣት።

ሒሳብ ለምትወዱ ደግሞ የኔ ሒሳብ ይኸው። ሜዳውን በሰዓት 15 ኪሎሜትር አስቡት። ከዚያ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ 15 ደቂቃ ጨምሩ። 60 ኪሎሜትር መንገድ ብትሄዱና በድምሩ 1,200 ሜትር ዳገት ቢኖረው፣ አራት ሰዓት ለርቀቱ፣ ሦስት ሰዓት ለዳገቱ፣ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ትንሽ ይበዛል የምትሉ ጉልበተኞች ትኖራላችሁ። ይብዛ። የተረፈው ቡና የምትጠጡበት ነው።

ዓባይ በረሃንም እዩት። ጎሃ ጽዮንና ደጀን ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። በመንገድ 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ግን መሃላቸው ዓባይ አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ከካይሮ ኬፕታውን በሳይክል የሚሄዱት ሰዎች፣ ጉዞው በ1995 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ በኢትዮጵያ ያልፉ በነበረባቸው ዓመታት፣ አፋቸውን ሞልተው ያወሩ የነበረው ስለዚያች ቀን ነው። አንድ ወንዝ ብቻ!

ወደ ሁለተኛው ልሂድ? ቆይ፣ አንድ ነገር ልበል። «በሳይክል አገር መዞር የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እዚህም አለ፣ አውቃለሁ፣ ፊቱን አይቼዋለሁ! ወዳጄ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም ልካለች። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነሱ ይሽቀዳደሙ ነበር፣ እኛ እንዝናና። ግን ሳይክሉ የኛም ነው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሳይክል የለመዱት ልጆች ዛሬ አድገው እዚህ ተቀምጠዋል። እነሱን ቦሌ መንገድ ብቻ አይበቃቸውም።

እሺ፣ መንገዱ።

ጅማ ድረስ በአውቶብስ ሂዱ። አዎ፣ በአውቶብስ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ ጊቤ አለ፣ 1,100 ሜትር አካባቢ ድረስ የሚያወርድ ወንዝ፣ ስንት ጣት እንደሆነ እናንተ ቁጠሩት። ጉልበታችሁን ለአረንጓዴው አቆዩት። ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ይጫናል፣ ረዳቱ ለሱም ሒሳብ ይጠይቃል፣ ተከራከሩ ግን አትጣሉ። ዋናው ነገር ራሳችሁ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ እሰሩት። ፔዳሉን ፍቱት። መጨረሻ ይጫን በሉ፣ ከታች ከገባ የሽንኩርት ጆንያ ይጫንበታል። የኔ የፊት ጎማ አንዴ ጅማ ሲደርስ እንቁላል ቅርፅ ይዞ ወርዷል።

ጅማ ላይ አንድ ቀን እረፉ። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩ። ዳገት ላይ ነው፣ ጥሩ ማሟሟቂያ ነው። ሐሙስ ከደረሳችሁ የሂርማታን ገበያ እዩ። በርጩማ እንዳትገዙ! እንዴት ነው የምትሸከሙት? እኔ ገዝቻለሁ። አትግዙ።

ከዚያ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዶቻችሁ አሁን «በሌሊት?» አላችሁ፣ አዎ በሌሊት፣ ጉሙ ሳይነሳ ውጡ። ሰቃ ጨቆርሳ ቁርስ። ሸቤ ምሳ። የመጀመሪያ ቀን ሸቤ ላይ አቁሙ፣ እደሩ። «ገና ብርሃን ነው፣ እንቀጥል» የሚል ልጅ ከመሃላችሁ ይነሳል። እኔ ነበርኩ ያ ልጅ። አትስሙት። ጎጀብን በማግስቱ ጠዋት፣ በትኩስ እግርና በቀዝቃዛ አየር ተሻገሩት።

ጎጀብ ላይ ስትደርሱ ድልድዩ ላይ ቁሙ። ይሄ ወንዝ በድሮ ጊዜ የካፋ መንግሥት የሰሜን ወሰን ነበር። ካፋዎች ከወንዙ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ አገራቸውን ያጥሩ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪማረኩ ድረስ ብዙ ጦር መልሰዋል። እኔ አንድ ሳይክልና ሁለት ቦርሳ ይዤ ያቃተኝ ዳገት ጋሻና እህል ተሸክሞ ለመጣ ሠራዊት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን እዚያው፣ ምላሴ ደርቆ ነው።

ከወንዙ ሽቅብ ስትወጡ አየሩ ቀስ እያለ ይቀየራል። መጀመሪያ ግራር፣ ደረቅ ሣር። ከዚያ እንሰት ይመጣል። ከዚያ ጥላ። ከዚያ በድንገት ላባችሁ ይቀዘቅዛል፣ ቀና ስትሉ ከዛፍ ዛፍ ጉሬዛ ይዘላል፣ ነጭ ጭራው እንደ ጋቢ ጫፍ እየተንሳፈፈ። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለውን ቁጥቋጦ እዩት። ቡና ነው። ሰው ያልተከለው ቡና። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበው በዚሁ ነው፣ በዚያው ዓመት የኢሉ አባቦሩ የያዩ ጫካም ተመዝግቧል። ዛፉ አናት ላይ ደግሞ እንደ ግንድ የተንጠለጠለ ነገር ታያላችሁ። ቀፎ ነው። ሰው እዚያ ድረስ እንዴት እንደሚወጣ ሳስብ የኔ ዳገት ያሳፍረኛል።

መቼ እንሂድ? ጥሩ ጥያቄ፣ ከኋላ ነው የመጣው። ይሄ አገር አረንጓዴ የሆነው በከንቱ አይደለም። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ያኔም ቢሆን አንድ ሁለት ቀን ያርሳችኋል፣ ቻሉት። ኅዳር የቡና ለቀማ ነው፣ ሠራተኛ፣ መኪና፣ ገበያ፣ ሁሉ ነገር ግርግር ነው። የካቲትና መጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቡናው ነጭ ያብባል። ሽታው እንደ ጃስሚን ነው፣ ዳገት እየወጣችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ ስትተነፍሱት ያሰክራል።

ለቀማ ሰዓት ስለ አልጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቦንጋ አልፌ አንዲት ትንሽ ከተማ ገባሁ። መሽቷል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ። አንዱን ጎረምሳ «አልጋ አለ?» አልኩት። «ሞልቷል!» አለኝ። ደስ አለኝ። «ስንት ነው?» ስለው ግራ ገባው። ተከተይኝ ብሎ ከቤቶቹ ጀርባ ወሰደኝ። ምን አሳየኝ መሰላችሁ? የቡና ማድረቂያ አልጋ! ከቀርከሃና ከሽቦ የተሠራ፣ ረጅም፣ ቀይ ቡና የተሰጣበት፣ አርባ የሚሆን ተደርድሮ። ነጋዴ መስዬው ነበር። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ወደ መኝታ ቤቱም እሱ ነው የወሰደኝ። ሳይክሌን መኝታ ክፍል ይዤ ገባሁ፣ ሁሌም ይዛችሁ ግቡ፣ ባለቤቷ ጎማውን ራሷ በጨርቅ ጠርጋልኝ ነው ያስገባችኝ።

ቡና መንገድ ዳር ሸራ ላይም ይሰጣል። በምንም ዓይነት እንዳትነዱበት! አንዴ መኪና ሲመጣብኝ ጠርዝ ይዤ ሸራው ላይ ወጣሁ። አንዲት እናት በትር ይዘው ሮጡብኝ። ልክ ነበሩ። የዓመት ልፋታቸው ላይ ነው ጎማዬን ያሳረፍኩት። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የተበተነውን አብሬያቸው ለቀምኩ። ስንጨርስ «ባል የለሽም?» አሉኝ። «አለኝ እማማ፣ እቤት ነው» ስላቸው ለሱ አዘኑለት።

ቦንጋ ሁለት ቀን ስጧት። የቡና ሙዚየሙ አለ። ሳይክሉን አቁማችሁ በእግር ጫካ ግቡ። ማንኪራ የሚባለው አካባቢ፣ ቡና የተገኘበት ነው የሚባለው፣ ጥሩ አስጎብኚ ከአካባቢው ያዙ። እኔ በሳይክል ልሂድ ብዬ የሆንኩትን ልንገራችሁ? ሌሊት ዘንቧል። ቀዩን አፈር ታውቁታላችሁ? ሲደርቅ ዱቄት ነው፣ ሲርስ ደግሞ ሊጥ። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ተጣበቀ። በእንጨት ጠረግኩ። ሌላ ሃምሳ ሜትር። እንደገና ጠረግኩ። ሦስት ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ ይቆጥራሉ፤ ስንት ጊዜ እንደጠረግኩ። ሃያ ሲደርሱ አዘኑልኝና ሳይክሉን ተሸከሙት። ለሦስት! እኔ ባዶ እጄን ከኋላ። መከላከያ የምትገጥሙ ሰዎች፣ በጎማውና በመከላከያው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ አውልቁት።

ከቦንጋ ሚዛን ሌላ መቶ ኪሎሜትር ገደማ። ውሽውሽ የሻይ እርሻው ይመጣል፣ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተስተካከለ ፀጉር ይመስላል። ከዚያ ዋቻ፣ ሺሺንዳ፣ ከዚያ ወደ ሚዛን ረጅም ቁልቁለት። ሁለት ቀን አድርጉት። ሙዙ ሚዛን አካባቢ ነው የሚያምረው፤ እኔ ከመንገድ ዳር አንድ እጅ ሙሉ ገዝቼ መሪው ላይ አንጠልጥዬ ነው የምነዳው፣ እየገመጥኩ።

ሌላ መንገድ ለምትፈልጉ በአጭሩ። ከጅማ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በያዩ አድርጎ መቱ ድረስ የሚሄደው አለ። እሱን የምወደው በወንዞቹ ነው። ጎጀብ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ከአጋሮ ወደ በደሌ የምትሻገሩት ዴዴሳ ግን የዓባይ ነው። ያዩ ጋ ያለው ገባ ደግሞ ባሮ ይገባል፣ በጋምቤላ በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። አስቡት! ከአንዲት ጅማ ተነስታችሁ በጥቂት ቀን ፔዳል ወደ ሦስት አቅጣጫ የሚሄድ ውሃ ትሻገራላችሁ። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሰው አላዛጋም።

ጀማሪ የሆናችሁ ደግሞ ጉራጌ ሂዱ። በወልቂጤ፣ በእምድብር በኩል። ጀፎረ ታውቃላችሁ? የመንደሩ መሃል ሰፊ የሣር መንገድ ነው፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ፣ ከጀርባቸው እንሰቱ። ለሳይክል ጎማ ከዚያ የተሻለ ምንጣፍ የለም። ግን ጀፎረ መንገድ ብቻ አይደለም፣ ለቅሶም ሠርግም ስብሰባም እዚያ ነው። ሰው ተሰብስቦ ካያችሁ ውረዱ፣ ሳይክላችሁን እየገፋችሁ ሰላም ብላችሁ እለፉ። ደወል እያቃጨሉ በለቅሶ መሃል የሚያልፍ ሰው አይቻለሁ፣ እኔ ነኝ ያፈርኩለት።

ሰላም ነው ወይ? ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። መልሱን ከኔ አትውሰዱ። እኔ ባለፈው የሄድኩበትን ነው የማውቀው፣ ሹፌር ግን ትናንት የሄደበትን ያውቃል። መናኸሪያ ሂዱ፣ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሦስት ሹፌሮች ጠይቁ። ሦስቱም «ሂጂ» ካሉ ሂዱ። አንዱ ካመነታ ሌላ ሳምንት አለ። መታወቂያ ያዙ፣ የምታድሩበት ከተማ ለምታውቁት ሰው ደውሉ። ማታ አትንዱ። ማታ መንዳት የሚባል ነገር የለም፣ ጨረስኩ።

ሦስተኛው... ሦስተኛው ምን ነበር? ሳይክሉ! አመሰግናለሁ።

ስለ ዋጋ አትጨነቁ። ቀላል ማርሽ ይኑረው፣ ይሄ ብቻ ነው ዋናው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ ከ26 ጥርስ ባይበልጥ፣ የኋላው ትልቁ 34 ወይም 36 ጥርስ ቢኖረው፣ ዳገቱን ተቀምጣችሁ ትወጡታላችሁ። ውድ የሩጫ ሳይክል ይዞ የመጣ አንድ ወዳጄ ከጎጀብ ጀምሮ ጫማውን እየጨረሰ በእግሩ ነው የወጣው። ጎማ ወፈር ያለ፣ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ። ፍሬን! የፍሬን ሸራ ትርፍ ያዙ። ጭነት ይዛችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ፍሬኑን ጨምቃችሁ አትቆዩ፣ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። መሃል ላይ ቆማችሁ ጎማውን በጣት ንኩት፣ ብረቱ ካቃጠላችሁ እረፉ። አባዱላ ከኋላ ጡሩንባ ሲነፋ ደግሞ ክብር አትፈልጉ፣ ጠርዝ ያዙ። ውሻ ሲመጣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጉ፣ ተራመዱ። የሚሮጥ ነገር ነው የሚያሳብደው።

ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሮጣሉ። እኔን! ጅማ የተወለድኩትን! መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። አሁን ቆሜ ስም እጠይቃቸዋለሁ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዳገቱን ከኋላ ይገፉልኛል።

መጨረሻ ስለ ካቴና፣ የሳይክሉ ሰንሰለት። ከዋቻ አልፌ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ቀጭ አለ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የተንጠለጠለባት ትንሽ ብረት ተሰበረች፣ መቀየሪያው ጎማ ውስጥ ገባ፣ ካቴናው ተጣመመ። ጉድ ፈላ። ሁለት ሰዓት ገፍቼ አንድ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ጋ ደረስኩ፣ ከሃያ ዓመት አይበልጥም። ሳይክሉን ገልብጦ ብዙ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ መቀየሪያውን ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ «ይሄን ለማስታወሻ» ብሎኝ። ምስማርና መዶሻ አመጣ። ድንጋይ ላይ ካቴናውን አስቀምጦ ፒኑን በምስማሩ አስወጣ፣ የተጣመሙትን ዘለላዎች ቀነሰ፣ መሃል ያለችው የኋላ ማርሽ ላይ ወጥሮ ገጠመው፣ መልሶ በመዶሻ አስገባው። አንድ ማርሽ ብቻ! ልክ እንደ አባቴ ፊኒክስ። ሂሳብ ስለው በጣም ትንሽ ብር ነው የጠየቀኝ፣ ጨምሬ ብሰጠው ለሻይ ብሎ ግማሹን መለሰልኝ። በዚያች አንድ ማርሽ ሚዛን ገባሁ። ዳገቱን ገፋሁ፣ ቁልቁለቱን በረርኩ። መንገድ ላይ የቀሩትን ወንዞች ቆጠርኩ። ደግሞ ልክ መጣልኝ።

ያ ልጅ ምስማር ነበረው። እኔ ሁሉም ነገር ነበረኝ፤ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት መነጽር፣ ከጅማ የገዛሁት በርጩማ ሳይቀር። የካቴና መቁረጫ ግን አልነበረኝም።

እንግዲህ ኅዳር አጋማሽ ላይ ለመሄድ አስበናል፣ ከጅማ መናኸሪያ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት። ከስምንት ሰው በላይ አንሆንም፣ ትንንሾቹ ከተሞች ላይ አልጋ አይበቃም፣ የሚተኛበትን አልጋ ማለቴ ነው። የምትፈልጉ ስማችሁን በር ላይ ያለው ወረቀት ላይ ጻፉ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከመበተናችን በፊት ይመለስልኝ። ከመሃላችሁ የካቴና መቁረጫ ያለው ማን ነው? እስቲ እጅ።

አንድ ብቻ? አንተ፣ ወንድሜ፣ ስምህን መጀመሪያ ጻፍ።